ክረምቱን መብረቅና ዶፍ ከጎንደር ላይቭ ላስተላልፍ፣ የቱ ይሻለኛል? ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ ወይስ ቴሌግራም

ደመና_ጠባቂ

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ ውጭ ያላችሁም ጭምር። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ቤታችን ወደ ጎሃ መውጫው ላይ ነው፣ ጣሪያው ላይ ስወጣ ከተማው ከነ ፋሲል ግቢው ከታች ነው፣ ወደ አዘዞና ደምቢያ በኩል ደግሞ ሰማዩ ወለል ብሎ ክፍት ነው። ሰው ሁሉ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት ይሮጣል እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ውጭ፣ በቃ ልማድ ሆኖብኛል። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው መጀመሪያ እንደ ተባዘተ ጥጥ ይቆለላል፣ ከዛ ሆዱ ይጠቁራል፣ ከዛ ቀዝቃዛ ነፋስ ድንገት ይመጣና የጎረቤቱን ቆርቆሮ ሁሉ ያንኳኳል፣ እና ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። እስካሁን እየቀረጽኩ አሳጥሬ ነበር የምለጥፈው፣ ሰው ግን ላይቭ አድርገው እያለ ጨቀጨቀኝ፣ በተለይ ውጭ ያሉት የአገራቸው ዝናብ ናፍቋቸዋል መሰለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ስሙን የማልጠራው አንድ አፕ ላይ ላይቭ ገባሁ። 3 ጊዜ ተቆረጠ። ሦስተኛው ላይ በአዘዞ በኩል መብረቁ ሰማዩን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው፣ እኔ በዓይኔ አየሁት ተመልካቹ ግን ያየው የምትሽከረከር ክብ ነው። በኋላ ሪከርዱን ላውርድ ብዬ ስገባ እሱም የለም። እንዴት እንደ ተናደድኩ አልነግራችሁም።

ያለኝ ደህና ስልክ፣ አንድ ስታንድ፣ 20 ሺህ የሚል ፓወር ባንክ፣ የሁለቱም ኔትወርክ ሲም፣ እና ቤት ውስጥ መብራት ሲኖር የሚሠራ ዋይፋይ ነው፣ የወንድሜ የድሮ ላፕቶፕም አለ። በዶላር የሚከፈል ነገር አትምጡብኝ። የምፈልገው ኔት ሲደክም ቶሎ የማይቆረጥ፣ ሲያልቅ ቪዲዮው የሚቀመጥ፣ እዚህ ያለውም ውጭ ያለውም በቀላሉ የሚከፍተው። ሲሳካልኝ ደግሞ ጎርጎራ ወርጄ ጣና ላይ የሚመጣውን ማሳየት እፈልጋለሁ። የቱን ልያዝ?

ካሜራማን_ዘአራዳ

ወንድሜ እኔ ሰርግና ጉባኤ ላይቭ ስሠራ ዓመታት ሆነኝ፣ ያላቃጠለኝ አፕ የለም። ባጭሩ ዩቲዩብ። ግን ዛሬውኑ አዘጋጀው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይቭ ስታስከፍት ቻናሉን በስልክ ቁጥር አረጋግጥ ይልሃል ከዛ እስከ 24 ሰዓት ያስጠብቅሃል። መብረቅ እየወረደ ልክፈት ብትል ነገ ና ነው የሚልህ። በስልኩ አፕ በቀጥታ ለመግባት 50 ሰብስክራይበር ይጠይቃል፣ ከላፕቶፕ ኦቢኤስ በሚባለው የላይቭ መላኪያ ፕሮግራም ከሆነ ግን 50ውን አይጠይቅህም፣ ኦቢኤስ ደግሞ በነፃ ነው። ከ12 ሰዓት በታች የሆነ ላይቭ ራሱ ቪዲዮ ሆኖ ቻናልህ ላይ ይቀመጣል፣ ተመልካቹም እየሄደ እያለ ወደ ኋላ መልሶ ያያል። መብረቅ ደግሞ ዓይን ጨፍነህ እስክትገልጥ ያመልጣል፣ ለዚ ብቻ እንኳን ዩቲዩብ ይበቃኛል።

ፌስቡክ አካውንቱ 60 ቀን የሞላውና 100 ፎሎወር ያለው መሆን አለበት፣ ደሞ ከ2025 ጀምሮ የላይቭ ሪከርድ ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል፣ ካላወረድከው ሄደ። ቲክቶክ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ፎሎወር ይላል፣ ሰው አለው እውነት ነው ግን ስልኩን ቁመት ማቆም አለብህ። የኛ ሰማይ ወርድ ነው ያለው እንጂ ቁመት ምን ያደርግልሃል።

አሁን ዋናው ነገር። የተቆረጠብህ በአፑ ብቻ አይመስለኝም። ስፒድ ቴስት ስታደርግ ሁሉም ሰው የሚያየው ዳውንሎዱን ነው፣ አንተን የሚመለከትህ አፕሎዱ፣ የምትልክበት ፍጥነት ነው። ጣሪያው ላይ ሆነህ፣ ደመናው በጠቆረበት ሰዓት፣ 3 ጊዜ ለካ፣ ከሦስቱ ትንሹን ያዝ፣ የሱን ግማሽ ነው ላይቩ ላይ የምትሞላው። ዩቲዩብ ለ720 ጥራት በሰከንድ 4 ሜጋቢት ይመክራል፣ አንተ ትንሹ 3 ከመጣልህ በ1.5 ሜጋቢት 480 ላይ ሂድ አትኩራ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ማለት በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በ1.5 ብትሠራ 675፣ በ4 ብትሠራ 1.8 ጊጋ። ፓኬጅህን በዚ ቁረጥ።

አንድ ደግሞ ማንም የማይነግርህ። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ፎቶ አንሺው ፍላሽ ባበራ ቁጥር ላይቩ ላይ ምስሉ ለቅጽበት እንደ ተሰበረ ሸክላ ይሆናል። ለምን ብትል ላይቭ ሁሉንም ምስል እየደጋገመ አይልክም፣ ከቅድሙ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚልከው፣ ፍላሽ ሲበራ ግን ሁሉም ነገር አንዴ ይለወጣል፣ በያዝከው ትንሽ ቢትሬት፣ በሰከንድ በምትልከው መጠን ማለቴ ነው፣ ያን ሁሉ ማለፍ አይችልም። መብረቅ ማለት ደግሞ የእግዜር ፍላሽ ነው። ማለትም ልታሳየው የፈለግከው ደቂቃ ላይ ነው ምስሉ የሚበላሽብህ። መፍትሔው ላይቩ በትንሹ ይሂድ፣ እዛው ስልክህ ላይ ደግሞ በትልቁ እየቀረጸ ይቆይ። ይህን የሚያደርግ አፕ ፈልግ፣ ላፕቶፕ ላይ ኦቢኤስም ያደርጋል። ማታ ያ ንጹህ የሆነውን ቆርጠህ ትለጥፋለህ።

ፎከሱን ቆልፈው፣ ሩቅ ላይ። ጨለማ ውስጥ አውቶ ፎከስ ስካር ነው። ጎረቤት ዘፈን ከከፈተም ድምፁን ዝጋ፣ ዩቲዩብ በባለመብት ስም ይይዝብሃል፣ እኔ ስንት ሰርግ ላይ ለቅሶ የደረሰብኝ በዚ ነው።

ጨዋታ_አዋቂ

እናትህ ጣሪያ ላይ እንደምትወጣ ያውቃሉ? የኔ አያት መብረቅ ሲያጉረመርም ቀይ ሹራቤን አስወልቃ መስታወቱን በነጠላ ትሸፍን ነበር፣ አንተ በገዛ እጅህ ስታንድ ተክለህ ትጠራዋለህ። ሰብስክራይብ አድርጌያለሁ በነገራችን ላይ፣ 50 እስክትሞላ አልተኛም።

የደምቢያ_ልጅ

ካሜራማን ስለ ሰርግ ልክ ነህ፣ ስለ ተመልካቹ ግን አልስማማም። ጥያቄው ማን ያያል ነው። እኔ ቆላ ድባ አካባቢ ከገበሬ ጋ ነው የምውለው። እዚ ያለው ሰው የምሽት ሰማይ ውበት አይደለም የሚፈልገው፣ ጤፉ አሽቶ እያለ ወይ ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ እያለ በረዶ ይዞ እየመጣ ነው ወይ አይደለም ነው። የ25 ብር ዳታ የሞላ ሰው ለአንተ ደመና አንድ ሰዓት ዩቲዩብ አይከፍትም፣ ቴሌግራም ግን ሁሉም ጋ አለ፣ የሞዴል ገበሬው ልጅ ግሩፕ ውስጥ አለ፣ አንዱ ያየ ለሰፈሩ ይደውላል።

ቴሌግራም ቻናል ላይ ላይቭ ከ2021 ጀምሮ ተመልካች አይገደብም፣ ሰብስክራይበር ይሙላልህ አይልም፣ ዛሬ ከፍተህ ዛሬ ትገባለህ። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ኦቢኤስን ማገናኘት ይቻላል፣ ስትሪም ኪይ የሚባል ማገናኛ ኮድ ይሰጥሃል። ድክመቱ ሪከርዱ ነው፣ ራስህ ሪከርድ የሚለውን ካልነካህ አይቀረጽም፣ ከነካህ ሲያልቅ ሴቭድ ሜሴጅህ ውስጥ ታገኘዋለህ። ይህን ረስቼ አንድ የሥልጠና ላይቭ ሙሉውን አጥቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔው ነው።

ሌላው መዘግየት ነው። ዩቲዩብ በተለመደው አቀማመጡ ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ 20 30 ሰከንድ። ቴሌግራም ይቀድማል።

ካሜራማን_ዘአራዳ

30 ሰከንድ ለበረዶ ምንም አይደለም እኮ፣ ሰው የተሰጣ ለማንሳት ራሱ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። መዘግየቱን ላሳንስ ብለህ ዩቲዩብ ላይ ዝቅተኛውን ብትመርጥ ደግሞ ኔት የደከመው ተመልካች ነው የሚንጠለጠለው፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚያጠራቅመው ቪዲዮ ያንሳል። ተወው በተለመደው ይሂድ። ስለ ገበሬው ያልከው ግን ገባኝ፣ ለሱ ቪዲዮውም የሚያስፈልገው አይመስለኝም፣ አንድ ፎቶና አንድ መስመር ይበቃዋል።

የደምቢያ_ልጅ

እሱስ ልክ። ፎቶ፣ ሰዓት፣ የት አቅጣጫ። ሦስት ነገር። ብቻ ደመና ጠባቂ አደራህን ትንበያ አትስጥ፣ ከዚህ ሆኜ በአዘዞ በኩል ጠቁሯል በል ጨርስ። ይመጣል ብለህ ካልመጣ በሁለተኛው ማንም አይሰማህም፣ ሳይመጣ ይቀራል ብለህ ከመጣ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ጎርጎራውን በተመለከተ ጊዜውን እያየህ፣ ብቻህን አትሂድ፣ ማታ እንዳትቆይ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ ተራራው ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነው ሐይቁ ዳር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ሌሊት ነው፣ በተለይ በደቡቡ በባህር ዳር በኩል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎርጎራ ደርሰህ ጠራራ ፀሐይ ብታገኝ አትደነቅ።

ዊቺታ_ያለሁ_ጎንደሬ

ሰላም ከካንሳስ። ይህን ክር አንብቤ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም የምኖረው አውሎ ነፋስ አባራሪዎች በየዓመቱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ እንደ አንበጣ የሚወርዱበት አገር ነው። እዚህ ያሉት መኪና መስታወት ላይ ካሜራ ገጥመው እየነዱ ነው ላይቭ የሚሄዱት፣ በሁለት ሦስት ኔትወርክ አንድ ላይ የሚልክ መሣሪያ አላቸው፣ አንዳንዱ ጣሪያው ላይ የሳተላይት ኢንተርኔት ጭኗል። ድሮ ለነሱ ብቻ የተሠሩ ድረ ገጾች ነበሩ፣ ካርታ ላይ የመኪናውን ነጥብ ስትነካ ላይቩ ይከፈትልሃል። አሁን ዋና ዋናዎቹ ዩቲዩብ ላይ ናቸው፣ ሰው ያለው እዛ ስለሆነ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቦታውንና ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ አንተም ኦቢኤስ ላይ ይህን አድርግ፣ የቪዲዮህ ግማሽ ዋጋ እሱ ነው።

ሁለት ሲም አለኝ ያልከውን በተመለከተ፣ ሁለት ሲም አንድ ስልክ ላይ ስላለ ኔቱ አይደመርም፣ ዳታ በአንዱ ብቻ ነው የሚሄደው። በሁለቱም ለክተህ በዛ ሰዓት የተሻለውን ምረጥ፣ ሌላውን በሌላ ስልክ ሆትስፖት ለመጠባበቂያ አስቀምጥ።

እንደ ተመልካች ደግሞ ልንገርህ። ጎንደር ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ መኪና እየነዳሁ ወደ ሥራ። ዲሲ ያሉትም ሁለት ሰዓት ላይ ናቸው። ዝናብህን በላይቭ የማየው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፣ በሌላው ቀን ማታ ገብቼ ነው የምከፍተው። ስለዚህ ለኛ ላይቩ ሳይሆን የሚቀመጠው ነው ቁም ነገሩ። ድምፁን ደግሞ እባክህ አትዝጋ፣ ጎረቤት ዘፈን ካልከፈተ በቀር። የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ከሰማሁ 9 ዓመቴ ነው፣ እዚህ ጣሪያው ድምፅ የለውም።

አንድ የማይረሳ ነገር። ግንቦት 31 ቀን 2013 በፈረንጅ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ኤል ሪኖ የሚባል ቦታ ላይ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቶርኔዶ ወረደ። ቲም ሳማራስ የሚባል ለምርምር የሚያባርር፣ በጥንቃቄው የሚታወቅ ሰው፣ ከልጁ ከፖልና ከባልደረባው ካርል ያንግ ጋር እዛው ሞቱ። ጀማሪ አልነበሩም። ጎንደር እንዲህ ያለ ነገር የለም ተመስገን፣ መብረቅ ግን አለ፣ እሱም ልምድ አይቆጥርም።

ራዳር እንደ እዚህ በየአካባቢው ስለሌላችሁ የሳተላይት ምስል ተመልከት፣ ዊንዲ የሚባለው የአየር ሁኔታ አፕ ላይ ታገኛለህ። በታኅሣሥ 2022 አውሮፓውያኑ ያመጠቁት አዲሱ ትውልድ ሜቲዮሳት ሳተላይት መብረቅ የሚቆጥር ካሜራ አለው፣ አፍሪካንም ያያል። ደመናው የት እንደተወለደ አይተህ ነው ካሜራህን የምታዞረው።

መምህር_ጡረተኛ

ልጄ ደመና ጠባቂ፣ ፊዚክስ ሳስተምር ስለኖርኩ ብናገር ትታገሰኛለህ። ስለ አፑ እነዚህ ልጆች ይበልጡኛል። እኔ የምጠይቅህ ጣሪያው ላይ ምን ትሠራለህ ነው።

ብልጭታውን ስታይ መቁጠር ጀምር። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያዝ። 30 ሳትደርስ ነጎድጓዱ ከተሰማህ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው ማለት ነው፣ ቀጣዩ አንተ ጋ ሊያርፍ ይችላል፣ ግባ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማህ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጣ። ብዙ ሰው የሚመታው ዝናቡ አባራ ብሎ ሲወጣ ነው። ዛፍ ሥር አይሆንም፣ የብረት ምሰሶ አጠገብ አይሆንም፣ ኮረብታ ጫፍ ላይ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ያንተ ቤት ደግሞ እዛ ነው ያለው።

ይህ የኛ ከተማ መብረቅን ያውቀዋል። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ክብ ነበር፣ በ1707 በፈረንጅ አቆጣጠር መብረቅ አጠፋው፣ ዛሬ መላእክቱን ጣሪያው ላይ የምናይበት አራት ማዕዘኑ ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው። ቤተ ክርስቲያንን ያልማረ አንተን በስታንድህ ይምራል?

ስልኩ ውጭ ይሁን፣ አንተ ውስጥ ሁን። ከግድግዳው ሶኬት ላይ አትሰካው፣ ከፓወር ባንክህ አብላው።

ደመና_ጠባቂ

ጋሼ እሺ፣ ሰምቻለሁ፣ ያሉትን ለማዘርም አነበብኩላት፣ አሁን በስምዎ ነው የምትጠራኝ ከጣሪያ ስታወርደኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ዩቲዩቡን ቅዳሜ አስከፈትኩ፣ እውነትም 24 ሰዓት። እሑድ ተከፈተ፣ 50 ግን ሰኞ ነው የሞላው፣ ጨዋታ አዋቂ ተባረክ። ስልኩን መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ ከውጭ በኩል ባለው ደፍ ላይ በስኳር ላስቲክ ጠቅልዬ ሌንሱ ጋ ብቻ ቀድጄ አሰርኩት፣ ከላይ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን አድርጌለት ጠብታ እንዳይነካው፣ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ በማዘር ስልክ ኮሜንቱን አነባለሁ። አፕሎዱን ደመናው ሲጠቁር ለካሁት፣ በአንዱ ሲም 5.2፣ 3.1፣ 2.4 መጣ። በሌላው 1 እንኳን አልሞላም ግን ማታ ተገላቢጦሽ ሆነ። ስለዚህ በ1.2 ሜጋቢት ላከው አልኩ።

ትናንት 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሄደ። መብራት በ20ኛው ደቂቃ ጠፋ፣ ዋይፋዩ ላይ ብሆን ኖሮ እዛ ላይ አልቆ ነበር። አንዴም አልተቆረጠም። ምስሉ ያው ያን ያህል አይደለም፣ ካሜራማን እንዳለው ብልጭ ባለ ቁጥር ሸክላ ሆነ፣ ግን ስልኩ ውስጥ የተቀረጸው ላይ አንዱ መብረቅ ግማሹ ምስል ላይ ብቻ ብርሃን ሆኖ ግማሹ ጨለማ ነው፣ የስልክ ካሜራ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው አሉኝ፣ እኔ እንደውም ወደድኩት። የዊቺታው ወንድሜ፣ ድምፁ አለ፣ 34ኛው ደቂቃ ላይ በረዶ ቀላቅሎ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው፣ ሄደህ ስማው።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቻናል ከፈትኩ፣ ላይቭ የለም ፎቶ ሰዓት አቅጣጫ ብቻ። 61 ሰው ገባ። የደምቢያው ልጅ አሁን ሌላ አስተዳዳሪ ነው፣ እኔ ከላይ የማየውን እሱ ከታች ያረጋግጣል ወይ ውሸታም ይለኛል።

ያልፈታሁት መስኮቱ ነው፣ ግማሽ እይታዬን ከግቢያችን ባሕር ዛፍ ጋ ተካፍያለሁ።

ዊቺታ_ያለሁ_ጎንደሬ

34ኛው ደቂቃ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው የምትስቀው አለችኝ።

ደመና_ጠባቂ

አሁን እኮ በአዘዞ በኩል እየጠቆረ ነው፣ ገና 8 ሰዓት ከ20። ላይቩን ከፍቻለሁ ግቡ፣ ካሜራውን ትንሽ ወደ ታች አዘንብዬዋለሁ ከዛፉ ለማምለጥ ብዬ።

ጨዋታ_አዋቂ

ገብቻለሁ። ሰማዩ አንድ ሦስተኛ ነው፣ ሁለት ሦስተኛው ግቢያችሁ ውስጥ የተሰጣው ብቅል ነው። ማዘር የት ናቸው? አስነሳው እንጂ ዝናቡ ሊመታው ነው!!